ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ አባት

በአማርኛ ካሉት አባባሎች ሁሉ የምፈራው «ለልጅ ሲባል» የሚለውን ነው። ስድብ ይመለሳል፤ ዛቻ ይከሰሳል። «ለልጅ ሲባል» ግን ሽማግሌ የሚባርከው፣ ጎረቤት እንባ አቅርሮ የሚደግመው ነገር ነው፤ የሚቃወመው ሰው ልጅ ጠል ይሆናል። ለልጅ ሲባል ከባሌ ጋር ቆየሁ። ለልጅ ሲባል ተለየሁት። አሁን ደግሞ ለልጅ ሲባል በየዕረፍቱ ልጄን ከሰመራ አዋሽ አድርሼ፣ አስረክቤ፣ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።

እኔ ሰመራ አስተምራለሁ። የልጄ አባት አዋሽ ይኖራል፤ ከጅቡቲ የሚገባ ጭነት ያስፈጽማል። ስንፋታ ፍርድ ቤቱ ልጅቷ ከእኔ ጋር እንድትኖር፣ የክረምቱን ከፊልና የሴሚስተር ዕረፍቱን ከእሱ ጋር እንድታሳልፍ ወሰነ። ዳኛዋ ደግ ሴት ነበሩ። «ሁለታችሁም የተማራችሁ ናችሁ፤ ትግባባላችሁ» አሉን። እሳቸው ይህን ሲሉ ግራ እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የግራ እጄ ትንሿ ጣት በር ከተዘጋባት ወዲህ አትታጠፍም። መዝገቡ ላይ የሰፈረው «በቤት ውስጥ በተፈጠረ አለመግባባት» የሚል ነው። እኔ ከበሩ ጋር አለመግባባት አልነበረኝም።

ለወጉ ያህል፣ የተፋቱ ወላጆች ልጅን በጋራ ስለሚያሳድጉበት መንገድ የተጻፈውን አንብቤያለሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ካላነበብኩ አልተኛም። እነዚህ ጽሑፎች የሚያወሩት ስለ ሁለት የደከማቸው ጨዋ ሰዎች ነው። «ልጁ ፊት አትጨቃጨቁ» ይላሉ። እሱ ልጅ ፊት አይጨቃጨቅም። ልጅ ፊት ይስቃል፣ ክንዴን ይይዘኛል፣ ያየ ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» ይላል። ጣቶቹ ክንዴ ላይ ምን እየሠሩ እንደሆነ የሚያውቀው ክንዴ ብቻ ነው። «በየጊዜው ተነጋገሩ» ይላሉ። እሱ መነጋገር ይወዳል። ማታ ማታ በቪዲዮ ይደውልና ልጅቷን «እስኪ ስልኩን አዙሪው፣ ቤቱን ልየው» ይላታል። ልጄ ስልኩን ከፍ አድርጋ እንደ ቤት ሻጭ ደላላ በየክፍሉ ትዞራለች።

«ያ ወንበሩ ላይ ያለው ጃኬት የማን ነው?»

«የእማ።»

«ሰመራ ላይ ጃኬት የሚለብስ ማን ነው?»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው፤ ሰመራ ላይ ጃኬት የሚለብስ የለም። ደጋ ስሄድ የምይዘው ነው። ግን ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ነቃሁ፤ ስለ ገዛ ጃኬቴ በገዛ ቤቴ ቃሌን ልሰጥ ነበር።

አዋሽ ላይ የማይወደው ሰው የለም። ለቀብር መኪናውን ይሰጣል፣ ለሠርግ ድንኳን ያስተክላል፣ ለታክሲ ረዳት ሳይቀር «ወንድሜ» ይላል። ክፉ ሰው ሁሉ ፊቱ የተኮሳተረ ቢሆን ኖሮ የፖሊስ ሥራ እንዴት በቀለለ።

ልጅቷን የምንረካከብበትን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አዋሽ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ የወሎው ሀጂ ሆቴል በረንዳ። ሁልጊዜ በከባድ መኪና ሾፌሮች የተሞላ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ክፉ አይናገረኝም ብዬ ነበር፤ በዚህ አልተሳሳትኩም። የዘነጋሁት፣ በዚህ አገር ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አስታራቂ እንዳለ ነው።

ባለፈው ክረምት ልጅቷን በነሐሴ መጨረሻ ሊመልሳት ነበር። ነሐሴ አለቀ። ስደውል «ትንሽ አሞኛል»፣ «መኪናው ጋራዥ ገባ»፣ «አክስቷ መጥታለች» አለኝ። ጳጉሜ ሲገባ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ልጄ ደረቱ ላይ የአዋሽ ትምህርት ቤት ዓርማ የተለጠፈበት ወይን ጠጅ ሹራብ ለብሳ ቆማለች። ሹራብ፤ በአዋሽ ሙቀት። ከፎቶው ሥር «አንደኛ ክፍል ገባን። መጥተሽ እይን» የሚል ጽፏል።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ልጅ አንዴ ክፍል ከገባች አበቃ። መስከረም ላይ ብከስ ጥር ላይ እቀጠራለሁ፤ ጥር ላይ «ተላምዳለች» ይባላል፤ ሰኔ ላይ «ለልጅ ሲባል አትነቀል» ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት እኔ በዕረፍት የምጎበኛት ዘመድ ነኝ። እሷ ደግሞ ከዓመት ዓመት፣ ያ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ምን እንደሚከተል እያወቀች ታድጋለች። እኔ እስከማውቀው ድረስ ልጅቷን ነክቷት አያውቅም ነበር። «እስከማውቀው ድረስ» የሚለው ግን ለመተኛት የሚበቃ ትራስ አይደለም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ፤ ከሎግያ ሳንርቅ መሀል ገባሁ፤ ሚሌ ላይ ተመልሼ መስኮት ዳር። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ «እህት፣ ወንበሩ ይቆረቁራል?» አለኝ። «መንገዱ ነው» አልኩት። «መንገዱማ አስፋልት ነው» አለ፤ ቅር ብሎት። መንገዱን የሠራው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ስልኬን አወጣለሁ፣ ፎቶውን አያለሁ፣ እከተዋለሁ፣ አወጣለሁ። ገዋኔ ላይ ሌላው ሁሉ ምሳ ሲበላ እኔ የቆመውን ሚኒባስ እዞር ነበር።

አዋሽ ስደርስ ልጄን በረንዳው ላይ አገኘኋት። ሹራቡን ለብሳለች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ በላብ ተጣብቋል። እኔን ስታይ ልትነሳ ከወንበሯ ጠርዝ ደረሰችና እዚያው ተገታች፤ በዐይኗ የሆነ ሰው ፈለገች። አባቷ አልነበረም። አጠገቧ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ባለ ሆቴሉ ሀጂ፣ ሌላው ባቡሩ በነበረበት ዘመን ባቡር ጣቢያው ይሠሩ የነበሩ፣ ከተማው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉ ሀጂ። «ቆሞ ሽምግልና የለም።»

«ሽምግልና መሆኑ አልተነገረኝም፣ ሀጂ። ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ልጅ እንደ ዕቃ አይወሰድም» አሉ ጋሼ።

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ። እንደ ዕቃም አይያዝም።»

«ይኸውልህ!» አሉ ጋሼ ወደ ሀጂ ዞረው፤ ስለ አፌ አስቀድሞ የተነገራቸው ነገር እንደነበር ገባኝ። «ብያለሁ። መጽሐፍ ያበዛች ሴት ናት።»

«ተዋት ጋሼ፣ ደክሟት ነው። ውሃ አምጡላት። አብሽሪ፣ ልጄ፤ ሁሉም ለኸይር ነው።»

ልጄን ሳምኳት። ሹራቡን ላወልቅላት እጄን ስሰድ «አባቢ አታውልቂ ብሎኛል» አለችኝ። ይህን የተናገረችው የአየር ሁኔታ እንደምትነግረኝ ሆና ነው።

ያን ጊዜ የሾፌሮቹ ዐይን ሁሉ ከኋላዬ አረፈ። ዞር ስል የልጄ አባት ከጓሮው በኩል አንገቱ ላይ ድንጋይ ጭኖ እየመጣ ነው።

ወጉን የማያውቅ የለም። በዳይ ድንጋይ ይሸከማል፤ ተበዳይ ይቅር እስኪል አያወርድም። የማይባለው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ተበዳይ ዝም ባለ ቁጥር ድንጋዩ ይከብዳል፣ ክብደቱም ቀስ በቀስ ከበዳዩ አንገት ወርዶ ተበዳዩ ላይ ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ ጨካኟ አንቺ ነሽ። ድንጋዩ ከሆቴሉ አጠገብ ባለው ያልተጨረሰ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ከተከመሩት ጥርብ ድንጋዮች አንዱ ነበር። መልኩ ያምራል፤ ልኩ ደህና ነው። እርግጠኛ ነኝ አንድ ሁለቱን አንስቶ መዝኗል።

ከእግሬ ሥር ተንበረከከ። «የልጄ እናት» አለ፣ በረንዳው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «በድዬሻለሁ። ስለ ፈጣሪ ብለሽ ይቅር በይኝ።»

ሾፌሮቹ ተነሱ። አንዱ የጎረሰውን እንኳ አላላመጠም።

«እህቴ፣ በይው እንጂ። ሰውዬው አንገቱ ሊቀነጠስ ነው።»

«ቆይ አታጣድፋት» አለ ሌላው። «የበደላትን የምታውቀው እሷ ናት።»

«ምን ቢበድል! ከዚህ በላይ ወንድ ልጅ ምን ይሁን?»

«እኔ ድንጋዩን እኮ አልናቅኩም። አታጣድፋት ነው ያልኩት።»

ይህ ሁለተኛው ድንጋይ ነበር። የመጀመሪያው የጣቴ ጊዜ ነው፤ ወላጆቼ ቤት ድረስ ተሸክሞት መጣ። ይቅር አልኩ፤ ተመለስኩ። አባቴ ድንጋዩን የአጥር በር ማስደገፊያ አደረገው፤ ከትዳሬ የተረፈ የሚጠቅም ዕቃ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ በደል የሚባል ነገር ቀረ። እጁን ባነሳ ቁጥር የምናገረው ሁሉ «ይቅር ብለሽ የለም እንዴ?» በሚል ይዘጋ ነበር። ይቅርታዬ እሱ ኪስ ውስጥ የተቀመጠ የይለፍ ወረቀት ሆነ።

ይቅርታን እንደምቃወም የሚያወሩ ወዳጆች አሉኝ። አልቃወምም። የምቃወመው ይቅርታ ሲጠየቅ የቤት ቁልፍ አብሮ መጠየቁን ነው።

«እማ» አለች ልጄ። ከወንበሯ ወርዳ ቀሚሴን ይዛለች። «በይው። አባቢ ይወድቃል።»

ወደ ታች አየሁት። አንገቱን አቀርቅሯል፤ ጆሮው ቀልቷል፤ ድንጋዩን የያዙት እጆቹ ግን አይንቀጠቀጡም። ብልሃት ያሰብኩ የሚመስለው ሰው ካለ ይሳሳታል። የፈለግኩት ልጄ ይህን ማየቷ እንዲያበቃ ብቻ ነበር።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

ድንጋዩ ወረደ። ከወጥ ቤቱ በር አንዲት ሴት እልል አለች። ሀጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ጋሼ መረቁ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም «አሚን» አለ። እሱ ተነስቶ ትከሻውን አራገፈና ሳቀ። ጉንጬን ሊስም ሲጠጋ ውሃ አንስቼ ጠጣሁ።

«በሉ» አሉ ጋሼ፣ የሚበላ እንደቀረበለት ሰው እጃቸውን እያፋተጉ። «ትልቁ አለቀ። ትንንሹ ራሱ ይስተካከላል። ልጅቷ እዚሁ ተመዝግባለች። አንቺ ዝውውር ትጠይቂያለሽ። አዋሽ ላይ አስተማሪ ሁልጊዜ ይፈለጋል።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ልጅ አልጠየቀኝም።»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«ታርቀናል። አሁን ሻንጣዋን ይስጠኝና መኪና እንዳያመልጠን።»

«ምሁሯ ቀለደች» አለ እሱ ለሾፌሮቹ። ሁለት ሦስቱ ሳቁ። «ልብሷ ተሰፍቷል፣ ወንበሯ ተይዟል። ታርቀን ስናበቃ ልጄን ከአባቷ ትነጥያለሽ?»

«እርቅ እንዲህ አይደለም፣ ልጄ» አሉ ሀጂ፤ ፊታቸው ላይ ከልባቸው ግራ መጋባት ነበር። «የታረቀ ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚገባው።»

«እኔም ወደ ቤቴ ልሂድ ነው ያልኩት፣ ሀጂ። ደግሞ የእርቅን ወግ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ያስታረቀ ዋስ ነው። ከእንግዲህ ክፉ ቢናገረኝ፣ ልጅቷን ቢያስከፋት፣ የምደውለው ለእርስዎና ለጋሼ ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ሀጂ ቀስ ብለው። «ዋስማ ነን።»

«ሀጂ፣ ምን ዋስ ያስፈልጋል በእኔና በሷ መሀል?» አለ እሱ።

ለልጄ እጄን ዘረጋሁ። «ነይ፣ የኔ እናት።» አንድ እርምጃ መጣች።

«ቁጭ በይ» አላት።

አልጮኸም። እንዲያውም ድምፁ ዝቅ ያለና ለስላሳ ነበር፤ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልጄ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ወንበሯ ላይ ወደቀች፤ የወንበሩ እግር ሲሚንቶው ላይ ጮኸ። ሁለት እጆቿም ወደ ላይ ተነስተው ጆሮዎቿን ያዙ። ከዚያ የት እንዳለች ትዝ አላት፤ እጆቿን አውርዳ ጭኖቿ ሥር ከተተቻቸውና ሁላችንንም ፈገግ ብላ አየችን።

«ምን ቢበድል!» ያለው ሾፌር ተቀምጦ ሳህኑን ያይ ጀመር።

ሀጂ ልጅቷን አዩ። እሱን አዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የገዛ እጃቸውን አዩ።

«ጆሮሽን አመመሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«አላመመኝም፣ ሀጂ።»

«እሺ። ጎበዝ።» ወደ እሱ ሳይዞሩ፣ «ሻንጣዋን አምጣ» አሉ።

«ሀጂ፣ ልጅ ናት እኮ፤ ልጅ ደግሞ ትንሽ…»

«ዋስ ነህ ተብያለሁ። ሰምተሃል። ሻንጣዋን አምጣ።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቢሆንም ሀጂ፣ ነገሩን ረጋ ብለን…»

«ጋሼ፣ እኔ ወላሂ አሁን ብረጋ ማታ ሶላቴን እንዴት እሰግዳለሁ?»

እሱ ሻንጣዋን ለማምጣት አልተጣደፈም። የተጣደፉት ሀጂ ናቸው። ወደ መናኸሪያው ልጅ ልከው ወደ ሰመራ የሚሄድ ሚኒባስ አስቆሙ፤ ከፊት ሁለት ወንበር አስያዙ፤ ሻንጣው ሲመጣ ከእጁ ተቀብለው ራሳቸው ጫኑት። ያን ሁሉ ሲያደርጉ አንድ ጊዜም ዐይኔን አላዩኝም። እኔም ምስጋና አላበዛሁም፤ ከትንሽ ደቂቃ በፊት የታዘቡት ነገር ምስጋና የሚወድ አይደለም።

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል አባቷ በመስኮቱ በኩል ልጅቷን ሳማት፤ «አንበሳዬ» አላት፤ ብስኩት ሰጣት። ከዚያ ወደ እኔ ተጠግቶ፣ በዚያ በለስላሳው ድምፅ፣ «ይቅር ብለሻል። እንዳትረሺ» አለኝ።

አልረሳሁም። ወደ ፍርድ ቤቱ እሄዳለሁ፤ በረንዳው ላይ ያየሁትን እናገራለሁ፤ «ምስክር አቅርቢ» እባላለሁ። ሾፌሮቹ ሁሉ አሁን ግማሾቹ ጠረፍ ላይ ገላፊ፣ ግማሾቹ አዲስ አበባ ናቸው። ሀጂ ይመጡ እንደሆነ አላውቅም። ለዋስነት አንድ ቀን መቆምና ዳኛ ፊት መቆም አንድ አይደለም፤ ከጎረቤቱ ጋር እዚያው የሚኖሩት እሳቸው ናቸው። ካልመጡ በሴሚስተር ዕረፍት ልጄን እንደገና አስረክባለሁ፤ ውሳኔው እንደዚያ ስለሚል። ያን ቀን ያገኘሁት ይህን ያህል ነው፤ አንድ ሴሚስተር።

ከተማው እንዳለቀ ሹራቡን አወለቅኩላት። ከሥሩ ሙቀት ቆዳዋን አንፍሮት ነበር። ብዙ መንገድ ሄድን።

«እማ፣ አሁን ታረቃችሁ?»

«አዎ፣ ታረቅን።»

«ታዲያ ለምን እንሄዳለን?»

ይህን ጥያቄ ዳኛዋም፣ ጋሼም፣ ያነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉም እንዲህ አጥርተው አልጠየቁኝም። ሦስት አራት መልስ አሰብኩ። አንዱ ውሸት ነበር፤ አንዱ እውነት ሆኖ ለስድስት ዓመት ልጅ የማይሆን፤ አንዱ ደግሞ አባቷን እንድትጠላ የሚያደርግ፣ እሱን እኔ ልሰጣት አልፈልግም፤ ከፈለገች ራሷ ትደርስበታለች።

«ሰው ታርቆም ለየብቻው ይኖራል» አልኳት።

«እነ ሀጂ ግን አይሆንም አሉ።»

«እነ ሀጂም ይሳሳታሉ።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

አልተዋጠላትም። ወደ መስኮቱ ዞረች። የጭነት መኪናዎቹ ተከታትለው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እኛ ወደ ታች እንወርዳለን። አንድ ቦታ ላይ ወንበር ልቀይር ተነሳሁና ፊት ወንበር ላይ መሆናችን ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ገዋኔ ልንደርስ ስንል ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን የውሃ ጠርሙስ አየችው።

«ልጠጣ?»

«ጠጪ። ውሃ አይጠየቅም።»

ጠርሙሱን አወጣች። ክዳኑን ስትከፍት ሚኒባሱ ተንገጫገጨና ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ደርቃ ቀረች። ፊቴን አላየችም። ያየችው እጄን ነበር፤ የቀኙን።

እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ መዳፉ ወደ ላይ። ቀሚሴን ልጠርግ አላነሳሁትም። በዚህ ሙቀት ራሱ ይደርቃል። ቆይታ፣ ቆይታ፣ እጄን እያየች የቀረውን ጠጣች። ሚሌ እስክንደርስ እጄን ከዚያ አላንቀሳቀስኩትም።